ለዐቀበታችን የሚሆን ሞተር

ብስክሌት ቀላልና ለድኻውም ለሀብታሙም የምትመች መጓጓዣ ናት። በባሕር ዳር ሜዳማ ጐዳናዎች ላይ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ ማየት ከቆየ የተለመደ ነገር ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚያወጣው መንገድ ላይ ግን ግማሽ ኩንታል ጭኖ በብስክሌት የሚወጣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱን መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የፎገራ ሜዳ አልቆ ዐቀበቱ ሲጀምር የሰው እግር ይሸነፋል። እንግዲህ በብስክሌት ላይ ጠንከር ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሞ ይህን ዐቀበት ለመውጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይኸውም የሞተሩ ጉልበት በምን መንገድ ወደ ጎማው ይድረስ የሚል ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ስለ ደከምሁበት፣ ያገኘሁትን ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባቢዎች በአጭሩ ለመግለጽ ፈለግሁ።

ስለ ኤሌክትሪክ ማሰቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ከከተማችን ከሐሙሲት ብዙ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ፣ በጢስ ዐባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነበር። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መከልከሉም ይታወሳል። ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከገዛ ወንዛችን ይገኛል። በቤቱ መብራት የገባለት ሰው ሁሉ እንግዲህ በግድግዳው ላይ የነዳጅ ማደያ አለው ማለት ይቻላል።

ለሥራው የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው ከአባቴ ነው። አባቴ ከወረታ ሩዝ እየገዛ ወደ ደብረ ታቦር አውጥቶ ይሸጣል፤ በየጊዜው ለጭነትና ለመሳፈሪያ የሚከፍለው ገንዘብ ግን ትርፉን ይበላበታል። ግማሽ ኩንታሉን በራሱ መጓጓዣ ቢያወጣው ኖሮ ምን ያህል በእጁ እንደሚቀር በወረቀት ላይ አስልቼ ባሳየሁት ጊዜ ብዙ ቀን ዝም አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ወይፈን ሸጠና ገንዘቡን ሲሰጠኝ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፤ እኔ ሞተር አላውቅም፤ በሬ ግን ዐውቃለሁ። በሬ ሲገዛ ሩጫው አይታይም፤ ትከሻው ነው የሚታየው። ሁለተኛ ወይፈን የለኝምና ደኅና አድርገህ አይተህ ግዛ።» ያ ወይፈን እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስንቅ ይሆነኛል ተብሎ የተቀመጠ ነበር። ስለዚህ የምገዛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሞተሩ በዐቀበቱ መካከል ቢቃጠል የአባቴ ንግድም የእኔም ስንቅ አብሮ ይቃጠላል። ይህን እያሰብሁ ነው ምርጫውን የጀመርሁት።

በመጀመሪያ የሰዎችን ሐሳብ ከጥንት ጀምሮ መረመርሁ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የትናንት ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው ከዐድዋ ድል ዕድሜ ይበልጣል። ኦግደን ቦልተን የተባለው አሜሪካዊ በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ሞተር ላለው ብስክሌት የፈጠራ መብት የተሰጠው በፈረንጆች አቈጣጠር ታኅሣሥ 31 ቀን 1895 ነው፤ ይህም ከዐድዋ ጦርነት ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። ባትሪው 10 ቮልት ሲሆን እስከ 100 አምፔር ይስብ ነበር፤ ሲባዛ 1,000 ዋት ማለት ነው። በ1897 ሆዜያ ሊቢ የተባለ የቦስተን ሰው ሞተሩን ከጎማው አውጥቶ ፔዳሉ ባለበት በመካከል አደረገው። በ1898 ማቲው ስቴፈንስ ኀይሉን በቺንጋ አስተላለፈ፤ በ1899 ደግሞ ጆን ሽኔፕ ሞተሩ ጎማውን ከላይ በማሻሸት እንዲያዞር የሚያደርግ መሣሪያ አወጣ። ስለዚህ ዛሬ በየአገሩ ወጣቶች የሚከራከሩባቸው መንገዶች ሁሉ በአራት ዓመት ውስጥ ታስበው ያለቁ ናቸው። እስከ ዛሬ አንዱ ሌላውን ጨርሶ አላሸነፈም። ይህም የሚያስተምረን ለሁሉ ስፍራ የሚሆን አንድ መልስ አለመኖሩን ነው፤ መልሱ እንደ መንገዱና እንደ ጭነቱ ይለያያል።

ስለዚህ ሞተር ከመጠየቄ በፊት መንገዱን ጠየቅሁ። የጣና ዳር ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ከወረታ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። በአማካይ ሲታይ ይህ በየ100 ሜትሩ ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሞተርን የሚገድለው አማካዩ አይደለም፤ ቀጥ ያለው ስፍራ ነው። ግንበኞች ውኃ ልክ የሚይዙበትን ረጅም ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተውሼ ከከተማችን ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ አንድ ዳገት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለካሁ። በ100 ሜትር ውስጥ 8 ሜትር ከፍ ይላል። ይህን ዳገት የመፈተኛ ስፍራዬ አደረግሁትና ስሌቴን ሁሉ በእርሱ ላይ መሠረትሁ።

ቀጥሎ ጭነቱን በወፍጮ ቤት ሚዛን መዘንሁ፤ የሚጋልበው ሰው 60 ኪሎ፣ ብስክሌቱ ከነሞተሩና ከነባትሪው 40 ኪሎ ይሆናል ተብሎ ቢታሰብ፣ ሩዙ 50 ኪሎ፤ በጠቅላላው 150 ኪሎ ሆነ። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው፣ ይህን ክብደት በ8 በመቶ ዳገት ላይ ለመግፋት 118 ኒውተን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። የጎማው ከመሬት ጋር መታገል 15፣ የነፋሱ መቃወም ደግሞ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲኬድ 11 ያህል ቢጨመር 144 ኒውተን ይመጣል። ጎማው ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 33 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ጎማውን ለማዞር 48 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ጉልበት ያስፈልጋል። ይህች ቍጥር ከዚያ በኋላ ሚዛኔ ሆነች። የትኛውም ሻጭ ስለ ሞተሩ ፍጥነት ሲነግረኝ፣ እኔ የምጠይቀው ይህን ጉልበት ሳይግል ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ ይችላል ወይ እያልሁ ነበር።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ ጥያቄ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስወስዱት ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። መንገድ እየተጠረገ፣ ብዙ ሕዝብ በገመድ እየጐተተ፣ ወራት ፈጅቶ ያን ሁሉ ገደልና ዐቀበት አልፎ ደረሰ። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው በአምባው ላይ ይገኛል። በዚያ ጕዞ ላይ ዋናው ነገር ፍጥነት አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ሳያቋርጡ መሳብ ነበር። በእኛ አውራጃ ዕቃ ወደ ላይ የሚያወጣ ሁሉ፣ በሰውም ይሁን በአህያ ወይም በሞተር፣ ይህንኑ ሕግ ማክበር አለበት።

እንግዲህ አሁን ወደ ሞተሮቹ እንምጣ። በመጀመሪያ የሚመጣው በጎማው እምብርት ውስጥ የሚገባው ነው። ይህ ሞተር ከሁሉ ይልቅ ቀላል አሠራር አለው። ጥርስ የለውም፣ ካቴና የለውም፤ ከኩሽኔታዎቹ በስተቀር የሚያልቅ ክፍል የለበትም። ድምፁም አይሰማም። በተጨማሪም ቍልቍለት ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ እንደ ማመንጫ ሆኖ ብስክሌቱን እየያዘ ባትሪውን በጥቂቱ ይሞላል። ባጃጅ የሚጠግነው የአክስቴ ልጅ ይህን እንድገዛ አጥብቆ መክሮኝ ነበር። «አንተ ልጅ፤ ዕቃ ባነሰ ቍጥር ብልሽት ያንሳል፤ ካቴና ማለት እኮ ጭቃ የሚበላው ነገር ነው» ይለኝ ነበር። እውነት አለው። ሥራዬ በሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ከሐሙሲት ባሕር ዳር መመላለስ ብቻ ቢሆን፣ ያለ ክርክር እርሱን እመርጥ ነበር።

ነገር ግን የእምብርት ሞተር ከጎማው ጋር እኩል ይዞራል፤ ጎማው ቀስ ሲል እርሱም ቀስ ይላል። ሞተር ደግሞ ቀስ ብሎ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ሲገደድ ይግላል። የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ የማዞር ጉልበቱ የሚጨምረው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲጨምር ነው፤ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በፍሰቱ ስኩዌር ያድጋል። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ለአጭር ዳገት ይህ አይጐዳም፤ ብረቱና መዳቡ እስኪግል ድረስ ዳገቱ ያልቃል። የደብረ ታቦር መንገድ ግን ለሞተሩ የሚያርፍበት ጊዜ አይሰጠውም። ሙቀቱ ሲበዛ የሽቦው ቀለም ይቃጠላል፤ ማግኔቶቹም ጉልበታቸውን ያጣሉ። ከዚህም በላይ ከባድ ሞተር በጎማው ውስጥ ሲኖር፣ በመንገዱ ጕድጓድ ሁሉ ቸርኬውንና ሽቦዎቹን ይመታል፤ ጎማ ሲፈነዳም መፍታቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አክሱሉም በጉልበቱ ብዛት ከቦታው እንዳይሽከረከር ወፍራም ብረት ካልተበየደለት ሹካውን ሰንጥቆ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ዐይነት የእምብርት ሞተር በውስጡ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። በእነዚህ ጥርሶች ምክንያት ሞተሩ ፈጥኖ ሲዞር ጎማው ቀስ ብሎ በጉልበት ይዞራል፤ ክብደቱም ያነሰ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ከናይሎን የተሠሩ ስለ ሆኑ ለከባድ ጭነት አይበረቱም፤ ሞተሩም ከውጭው ልባስ ርቆ ስለሚቀመጥ ሙቀቱን ወደ ውጭ ለማውጣት ይቸገራል። አንዱ ጥርስ ቢሰበር ደግሞ ምትኩን በሐሙሲት ገበያ አላገኘውም።

ሦስተኛው ሊቢ እንዳሰበው በፔዳሉ ስፍራ የሚገጠመው ነው። ይህ ሞተር የብስክሌቱን ማርሽ ይጠቀማል፤ ዐቀበት ሲመጣ ትልቁን ጥርስ፣ ሜዳ ሲመጣ ትንሹን መምረጥ ይቻላል። የሰው እግር ማርሽ የሚያስፈልገው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። በትምህርት ሚዛን ብቻ ቢታይ ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን የብስክሌት ካቴና የተሠራው ለሰው እግር ነው። ብርቱ ጋላቢ ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ኀይል 200 ዋት ቢሆን ነው፤ በዚያች ቀጭን ካቴና 1,500 ዋት ማሳለፍ ግን በአንድ አህያ ላይ የሰባት አህያ ጭነት መጫን ማለት ነው። ካቴናዋና ጥርሶቹ ፈጥነው ይበላሉ፤ ሞተሩ እየሳበ ሳለ ማርሽ ሲለወጥም ካቴናዋ ልትበጠስ ትችላለች። በተበጠሰች ጊዜ ደግሞ ሞተሩም ፔዳሉም ባንድነት ሥራ ያቆማሉ፤ ሁለቱ የሚሠሩት በአንዲት ካቴና ነውና።

አራተኛው ጎማውን በማሻሸት የሚያዞረው ነው። ርካሽና ለመሥራት ቀላል ቢሆንም፣ በክረምት ጎማው በጭቃና በውኃ ሲርስ ይንሸራተታል። የክረምቱን ጭቃችንን የሚያውቅ ሰው ስለዚህ ብዙ መስማት አያስፈልገውም።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አምስተኛ መንገድ ቀረ። ይኸውም ሞተሩን በብስክሌቱ አካል ላይ አስሮ፣ በግራ በኩል ለብቻው በተዘረጋ በትንሽ ሞተር ብስክሌት ካቴና የኋላውን ጎማ ማዞር ነው። በቀኝ ያለው የፔዳሉ ካቴና እንደ ነበረ ይቀራል። ይህን ስመለከት ሁለት ነገር አስደሰተኝ። አንደኛ፣ ሞተሩ ፈጥኖ እየዞረ ጎማው ቀስ እንዲል የፈለግሁትን ያህል ጥርስ መርጬ ማስገባት እችላለሁ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቢበላሽ ፔዳሉ አለ፤ የፔዳሉ ካቴና ቢበጠስ ሞተሩ አለ። አባቴ በመንገድ ላይ ከነሩዙ ቆሞ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሬ መረመርሁ፤ ይኸውም ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። በወረቀት ላይ የበለጠ የሚመስል ዕቃ የሚጠግነው ሰው ከሌለ በቤት ጥግ የሚቀመጥ ብረት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዐይነት በስዕል ይዤ በከተማችን ባሉ ጋራዦችና ብየዳ ቤቶች ዞርሁ። የእምብርቱን ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው አላገኘሁም። የፔዳሉን ሞተር ስዕል ያሳየኋቸው ሁሉ «መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። የሞተር ብስክሌት ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎንና ዳዶ ግን በየሱቁ አለ፤ ካቴና የሚያሳጥርና የሚያጠብቅ ሰው በየመንደሩ አለ። የአክስቴ ልጅ ካቴና ጭቃ ይበላዋል ያለው እውነት ነው፤ ሆኖም ጭቃ የበላውን ካቴና በግማሽ ሰዓት መለወጥ ይቻላል። ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው በቆርቆሮ ሸፍነው» አለኝ፤ ሽፋኑንም ራሱ ቈርጦ ሠራልኝ።

በዚህ መሠረት 48 ቮልትና 1,500 ዋት የሆነ፣ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ገደማ የሚዞር ሞተር ከነመቈጣጠሪያው ከአዲስ አበባ በዘመድ በኩል አስመጣሁ። አሁን የቀረው የጥርሱ ቍጥር ነበር፤ በዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራከርን። እነርሱ የወደዱት ሞተሩ 6 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ እንዲዞር ነው፤ እንዲህ ቢሆን በሜዳ ላይ በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እኔ የመረጥሁት ግን 10 ለ 1 ነው፤ በዚህ ፍጥነቱ ከ35 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ይህን ያደረግሁት ባለ 12 ጥርሱ ባለ 30ውን፣ ቀጥሎም ባለ 11 ጥርሱ ባለ 44ቱን እንዲያዞር በማድረግ ነው። ሞተሩ ያለ ችግር ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው የማዞር ጉልበት 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በ10 ሲባዛና ካቴናዎቹ የሚወስዱት ጥቂት ሲቀነስ ጎማው ላይ 47 ያህል ይደርሳል። ዳገታችን የሚጠይቀው 48 ነበር፤ የጐደለችውን አንዲት ኒውተን ሜትር የአባቴ እግር በፔዳል ይጨምራታል። በ6 ለ 1 ቢሆን ግን ለዚያው ዳገት ሞተሩ ከ8 ኒውተን ሜትር በላይ መስጠት ስለሚኖርበት፣ ሙቀቱ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ያድግ ነበር። ጓደኞቼ የበሬውን ሩጫ ወደዱ፤ እኔ ትከሻውን መረጥሁ።

የባትሪው ነገር እንዲሁ በስሌት ነው የተወሰነው። 150 ኪሎ ወደ 900 ሜትር ከፍታ ለማንሣት ብቻ 367 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የ40 ኪሎ ሜትሩ መንገድና ነፋሱ ሲጨመር ወደ 656፣ በሞተሩና በካቴናው ላይ የሚባክነው ሲታሰብ ደግሞ ወደ 875 ዋት ሰዓት ይደርሳል። 48 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 960 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ስለዚህ ከወረታ ተሞልቶ ቢነሣ ደብረ ታቦር ሲደርስ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል። የእርሳስ ባትሪ እንዲህ እስኪሟጠጥ ሲሠራበት ዕድሜው ያጥራል፤ ክብደቱም እጅግ ይበዛል፤ ስለዚህ የሊቲየሙን ወሰድሁ። እናቴ መብራቱ ስንት ይፈጃል ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ እንደሚስብ ነግሬ፣ ባትሪውን አንድ ጊዜ ለመሙላት የሚያስፈልገው እርስዋ 20 ደቂቃ ያህል እንጀራ ስትጋግር ከሚፈጀው እንደማይበልጥ አስረዳኋት። ከዚያ ወዲህ በየጋገረች ቍጥር «ይኸው ደብረ ታቦር ደረስሁ» እያለች ትቀልድብኛለች።

ቍልቍለቱን በሚመለከት፣ የእምብርት ሞተር እየወረደ ባትሪ መሙላቱን መተዌ ጥቅም ማጣት መሆኑን ዐውቃለሁ። ነገር ግን አባቴ ሲወጣ ጭኖ፣ ሲወርድ ባዶውን ነው፤ ሩዙ ከተሸጠ በኋላ የሚወርደው 100 ኪሎ ብቻ ስለ ሆነ የሚመለሰው ኀይል ብዙ አይሆንም። በዚህ ፈንታ በፊተኛው ጎማ ላይ ጠንካራ የዲስክ ፍሬን አስገጠምሁ፤ የኋላውንም አሳደስሁት። ኀይለኛ ሞተር የገጠመ ሰው አስቀድሞ ፍሬኑን ማሰብ እንዳለበት ሁሉም ሊያውቅ ይገባል። በእጥፍ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ለማቆም አራት እጥፍ ሥራ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አገሮች በፔዳል የሚታገዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተሩ ከ250 ዋት፣ የሚያግዝበትም ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል፤ ከዚያ ያለፈው ከሞተር ብስክሌት ወገን ይቈጠራል። የእኔ ሞተር ከዚያ ስድስት እጥፍ ስለ ሆነ፣ የራስ ቍርና ጥንቃቄ ሳይኖር እንዳይነዳ ከአባቴ ጋር ተስማምተናል።

ሥራው ሲያልቅ በለካሁት ዳገት ላይ ፈተና አደረግን። 50 ኪሎ ሩዝ በኋላ አስረን እኔ ራሴ ነዳሁ። ዳገቱ 600 ሜትር ነው፤ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄድሁ በሁለት ደቂቃ ላይ ወጣሁት። አምፔር መለኪያው በ20ና በ22 መካከል ቆመ፤ በስሌት ያገኘሁትም 20 ነበርና እጅግ ደስ አለኝ። ሳናርፍ ስምንት ጊዜ ደጋገምን። ታናሽ ወንድሜ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እጁን በሞተሩ ላይ አድርጎ እስከ አሥር ይቈጥር ነበር፤ በስምንተኛውም ዙር ሞቀ እንጂ እጁን አላስነሣውም። በማግሥቱ አባቴ ብስክሌቱን ተቀበለኝና ባዶውን በከተማው ውስጥ አንድ ጊዜ ዞረበት። ሲመለስ ስለ ሞተሩ ምንም አልተናገረም፤ ብቻ ጆንያውን የሚያስርበትን ገመድ ርዝመት ለካ። ከዚያ ወዲህ ባትሪውን ወረታ ላይ እየሞላ፣ ሩዙን በራሱ ብስክሌት ያወጣል፤ ካቴናውንም ዘወትር ቅዳሜ ማታ ዘይት ይቀባዋል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎች ይህን የመሰለ ሥራ ለመሥራት እንደምትመኙ ዐውቃለሁ። ምክሬ አጭር ነው። የዕቃውን ውዳሴ ከመስማታችሁ በፊት መንገዳችሁን ለኩ፤ ጭነታችሁን መዝኑ፤ የሚጠግንላችሁን ሰው ፈልጉ። በክፍል ውስጥ የምንማረው የሥራና የጉልበት ስሌት ለፈተና ብቻ የሚጠና የሚመስለው ካለ፣ የላስቲክ ቱቦና የወፍጮ ቤት ሚዛን ይዞ ወደ አንድ ዳገት ይሂድ። የሜዳ ልጆች የሆናችሁ የእምብርቱን ሞተር ምረጡ፤ መልካም ነው። የዐቀበት ልጆች ግን ጥርስ ቍጠሩ። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ደግሞ ከእናንተ አንዱ ከእኔ የተሻለ መንገድ አግኝቶ እንዲጽፍ እመኛለሁ፤ እኔም የትም ብሆን በደስታ አነብበዋለሁ።